መዳብና የደጁ ክፍል

ወንድሜ በሞተ በሳምንቱ ወደ ትምህርት ቤት ተመለስኩ። የተመለስኩት ጠንክሬ አይደለም፤ ቤታችን ውስጥ የምቀመጥበት ስላጣሁ ነው። ምንጣፉን ሁሉ ለቀስተኛ ይዞታል። አባቴ የስፌት መኪናውን በጨርቅ ሸፍኖ በረንዳ ላይ ከሽማግሌዎቹ ጋር ይውላል፣ እናቴ ከሴቶቹ መሐል አትወጣም። ያገኘኝ ሰው ሁሉ እጄን ይዞ “አይዞህ” ይለኛል፤ ምን ተብሎ እንደሚመለስ አላውቅም ነበር። አላለቀስኩም። በቀብሩ ቀን አንዲት እንሽላሊት ድንጋይ ላይ ሆና ጉሮሮዋን ከፍ ዝቅ ስታደርግ አይቻለሁ። ከዚያ ቀን አጥርቼ የማስታውሰው እሷን ነው።

ወንድሜ ሚኤሶ ባቡር ጣቢያ ለአንድ ነጋዴ ማሽላ እየተረከበ የሚያስጭን ሰው ነበር። ሳምንቱን ቆላ ይከርማል፣ ሐሙስ ማታ በጭነት መኪና ዳገቱን ወጥቶ አሰበ ተፈሪ ይገባል፣ ጁምዓን ከእኛ ጋር ሰግዶ ተመልሶ ይወርዳል። በዚያ ጥቅምት ሲመጣ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ወባ በየዓመቱ ይይዘው ስለነበር ማንም አልደነገጠም። እናቴ ጋቢ ደረበችለት። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ለፈተና አጠና ነበር። ሰውነቱ የተኛበትን አልጋ ሲያንቀጫቅጨው እሰማለሁ፤ በኋላ አልጋው ጸጥ ሲል ተሻለው ብዬ ገጽ ገለበጥኩ።

ሚስቱ የመሰላ አገር ልጅ ናት። እኔ ገና ከብይ ጨዋታ ሳልወጣ ነው ሙሽራ ሆና የመጣችው። ወንድሜ ለሁለታቸው የሚሆን አንድ ክፍል ከግቢው በር አጠገብ በጭቃ ሠርቶ ቆርቆሮ አለበሰው፤ እኛ የደጁ ክፍል እንለዋለን። አባቴ፣ እናቴ፣ እኔና ሁለቱ እህቶቼ በትልቁ ቤት ነበርን። የወንድሜ ትንሽ ሴት ልጅ ግን የራሷ ክፍል አልነበራትም፤ ቀኑን ሙሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትሮጥ ትውላለች።

በዚያ ዓመት ኬሚስትሪ ያስተምረን የነበረው ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቱ የተላከ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ቀጭን ነበር፣ ኮቱ የሰው ይመስላል። ሲመጣ ጫት በዓይኔ አላይም ብሎ ነበር፤ ኅዳር ላይ ግን ከጽሕፈት ቤቱ ጸሐፊዎች ጋር ጉንጩን ነፍቶ አየነው። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ነው፣ ነገሩ ሲጠብቅበት ግን ወደ አማርኛ ይመለሳል።

ያን ሳምንት የኤሌክትሮኖችን አቀማመጥ መጀመሩ ነበር። አቶም መሐሉ ላይ አስኳል አለው አለን። ኤሌክትሮኖቹ በዙሪያው እንደ ፎቅ ቤት ይኖራሉ፣ በየፎቁም ክፍል አለ። ኤስ የምትባለው ክፍል ሁለት ብቻ ትይዛለች፣ ፒ ስድስት፣ ዲ አሥር። የሚሞሉት ዝቅተኛ ጉልበት ካለው ክፍል ጀምሮ ነው። እዚህ ላይ አንድ የሚያስቸግር ነገር አለ፦ አራተኛው ፎቅ ላይ ያለችው ኤስ፣ ከሁሉ ውጭ ሆና ሳለ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ዲ ቀድማ ትሞላለች። እኔ ያ አላስቸገረኝም። የእኛም ቤት ከሁሉ ውጭ ያለው ክፍል ነው ቀድሞ የሞላው።

“በአንድ ዓይነት ክፍሎች ውስጥ ሲገቡ ደግሞ መጀመሪያ ለየብቻ ይይዛሉ” አለ። “ከድሬዳዋ የሚመጣውን አውቶቡስ አላያችሁም? ሰው ባዶ ወንበር እያለ ሰው አጠገብ አይቀመጥም።”

“ቆንጆ ልጅ ካልተቀመጠች ነው፣ ቲቸር” አለ ከኋላዬ የሚቀመጠው የጫት ነጋዴ ልጅ።

“እሱ ሌላ ሳይንስ ነው።”

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ፊቴ ሲስቅ ተሰማኝ፤ ሳቁ ግን ከፊቴ ወደ ውስጥ አልወረደም።

ከዚያ እኔን ወደ ሰሌዳው ጠራኝ። መዳብ ሰጠኝ፤ ሃያ ዘጠኝ ኤሌክትሮን። አሥራ ስምንቱን በየክፍላቸው አስገባሁ። ቀሪዎቹን እንደ ደንቡ፣ ሁለት ለውጭዋ ኤስ፣ ዘጠኝ ለውስጡ ዲ አደረግሁ። አስተማሪው ከኪሱ አምስት ሳንቲም አውጥቶ የሰሌዳው ጠርዝ ላይ አስቀመጠ።

“ይህ መዳብ ነው። አንተ የጻፍከው መዳብ አይደለም።”

ከውጭዋ ክፍል አንዷን አጥፍቶ ወደ ዲ አስገባት። ውስጡ አሥር ሆኖ ሞላ፣ ውጭ አንዲት ብቻዋን ቀረች። ክሮሚየምም እንደዚሁ ያደርጋል አለን፤ አራትና ሁለት መሆን ሲገባው አምስትና አንድ ይሆናል፤ ግማሽ የሞላም ክፍል፣ ሙሉ የሞላም ክፍል ከጎዶሎው ይልቅ ይረጋጋል። ደንቡ ውሸት ነው ወይ ብሎ አንዱ ጠየቀው። ደንቡ እውነት ነው፣ መዳብም እውነት ነው አለ። ፈተና ላይ የሚመጣው ግን መዳብ ነው፤ ፈታኝ ሁሌ ለደንቡ የማይታዘዘውን ይወዳል።

በትርፍ ጊዜዬ ግጥም እሞክር ነበር፤ ማንም አላስተማረኝም። ያን ቀን ወደ ቤት ስመለስ በመንገዱ ዳር እየሄድኩ ይህችን ገጠምኩ፦

ያልሞላ ቤት ሁሉ እንግዳ ይጠራል፣
የሞላው ቤት ደግሞ በሩን ዘግቶ ያድራል።

ጥሩ መሰለችኝ። ግጥሟ ስለ መዳብ ነበረች፤ ስለ ቤታችን መሆኗን የነገረኝ አባቴ ነው፣ ግጥሟን ሳይሰማ።

በእኛ አገር ሰው ሲሞት ሚስቱን ወንድሙ ይወርሳል። ልጅ ባዕድ ቤት እንዳይገባ፣ ሴቲቱም ሜዳ ላይ እንዳትቀር ተብሎ የተሠራ ልማድ ነው፤ ክፉ ሰው ያወጣው አይደለም። አባቴ ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ሥራ ጀምሮ ነበር። ጉልበቱ የተቀደደ ሱሪ ይጥፋል፤ እኔን ጠርቶ አጠገቡ ባለው በርጩማ አስቀመጠኝ። የወንድሜ ሚስት ኢዳዋን፣ ባሏ የሞተባት ሴት የምትጠብቀውን አራት ወር ከአሥር ቀን፣ እስክትጨርስ ይጠበቃል አለ። ከዚያ ኒካህ፣ የጋብቻው ውል፣ ይታሰራል። የሚኤሶውን ነጋዴም አነጋግሮታል፤ የወንድሜን ቦታ ለእኔ ሊሰጠኝ ፈቅዷል። ይህ ሁሉ የሚሆነው መጋቢት ላይ ነው። የመልቀቂያ ፈተናው ደግሞ ግንቦት ላይ ሐረር ይሰጣል። ሁለቱን አጣምሮ የያዘ ሰው እንደማይኖር አባቴም እኔም እናውቃለን፤ ስለ ፈተናው ግን ሁለታችንም አላነሳንም።

“ቀዳዳ የሚጣፈው በዚያው ጨርቅ ነው” አለኝ መርፌው ውስጥ ክር እያስገባ። “ሌላ ጨርቅ ከጣፍክበት ባጠብከው ቁጥር ይሸበሸባል። ገባህ ልጄ?”

ዝም አልኩ። አባቴ ዝምታዬን እሺ ብሎ ወሰደው። እውነቱን ለመናገር እሺም እምቢም አላልኩም። ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ነበር የመሰለኝ። ሱሪው የማን እንደሆነ እያሰብኩ ነበር።

ወሬው ትምህርት ቤት ደረሰ። የጫት ነጋዴው ልጅ በጠዋት በር ላይ ጠበቀኝ።

“ሙሽራው! ኤሌክትሮንህን ወዴት ልታዛውር ነው?”

“ሚኤሶ” አልኩት።

ሊስቅ ተዘጋጅቶ ነበር፣ ተወው። ከዚያ በኋላ ለሳምንታት ደብተሬን ሳልጠይቀው ይሸከምልኝ ነበር፤ ያ ከሹፈቱ የበለጠ አሳፈረኝ።

የወንድሜ ሚስት ኢዳዋን የምትጠብቀው በደጁ ክፍል ነው። ከግቢ አትወጣም፣ አትኳልም፣ ሽቶ አትነካም። ውኃ የማደርስላት እኔ ነኝ። ከትምህርት ቤት ስመለስ ባልዲውን ደጃፏ ላይ አኖራለሁ፤ የቀን ብርሃን እስኪያልቅ ድረስ ደግሞ የእሷ ግድግዳ ጥላ ስር ተቀምጬ አጠናለሁ፤ ከዚያ የተሻለ ጸጥታ በግቢው አልነበረም። ለምን እንደማጠና አላውቅም ነበር። ፈተናው እንደማይደርሰኝ አውቃለሁ። ኤሌክትሮን መሙላት ግን እጄን ያሠራልኛል፣ ምንም አይጠይቀኝም። ስካንዲየም፣ ቲታኒየም፣ ቫናዲየም።

አንድ ቀን በሩን ገርበብ አድርጋ ምን እንደማነበንብ ጠየቀችኝ። እኛ ቤት የሚነገረው ኦሮምኛ ነው፤ ለኤሌክትሮን የሚሆን ቃል ግን በኦሮምኛም በአማርኛም አልነበረኝም። አፈሩ ላይ በእንጨት ክፍሎች ሥዬ፣ ጠጠር እያስቀመጥኩ አሳየኋት። አንዷን ጠጠር ከውጭው ክፍል አንስቼ ወደ ውስጥ አስገባሁ። ልጅቷ ጠጠሮቹን ልትበላ ትሞክራለች፣ እናቷ ከአፏ ታወጣለች።

“ማን ነው የሚያዛውራት?” አለች።

“ማንም። ሲሞላ ስለሚረጋጋ ነው።”

“እሷን ማንም አይጠይቃትም?”

ጠጠር ናት እኮ አልኳት። ፈገግ ያለች መሰለኝ። ከዚያ ቀን በፊት እናቴ ገብታ ስለ ኒካሁ ነግራት እንደነበር በኋላ ነው የሰማሁት። አንገቷን ደፍታ ዝም አለች አሉ። ቤተሰቡም ዝምታዋን ልክ እንደ እኔ ዝምታ እሺ ብሎ ወሰደው። በእኛ ዘንድ ልጅ ስትዳር ዝም ካለች ፈቅዳለች ነው፤ አፍ አውጥታ እሺ ማለት ያሳፍራታል። እናቴም ያገቡ የጎረቤት ልጆችም እንደዚያ ነው የተዳሩት። ሌላ ሊሆን ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

በየካቲት መጨረሻ አስተማሪው ወደ አባቴ በረንዳ መጣ። የንጥረ ነገሮቹን ሰንጠረዥ በነጭ አቡጀዲ ላይ በቀለም ሠርቶት ነበር፤ ጠርዙ እየተተረተረ ስላስቸገረው እንዲዘመዝምለት ነው። አባቴ ጨርቁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ረጅም ጊዜ አየው። ሰንጠረዡ ስር ተለይተው ወደ ተቀመጡት ሁለት ረድፎች ጣቱን ቀሰረ።

“እነዚህን ለምን ለየብቻ አስቀመጥካቸው? ጨርቅ አነሰህ?”

አስተማሪው ከልቡ ሳቀ። ቦታቸው መሐል ነው አለው፣ እዚያ ቢገቡ ግን ሰንጠረዡ ከግድግዳው ይበልጣል። አባቴ ራሱን ነቀነቀ፤ ይህ ለልብስ ሰፊ የሚገባ ምክንያት ነው። እየዘመዘመ ሳለ እኔ አስተማሪውን አንድ ነገር ጠየቅኩት። መዳብ ውጭ ያስቀራት አንዷስ ምን ትሆናለች?

ብቻዋን ስለሆነች በቀላሉ ትሄዳለች አለኝ። በሽቦ ውስጥ መብራት የሚተላለፈው በእንደዚህ ዓይነቶቹ ነው። የውጭውን ክፍል ጭራሽ ባዶ የሚያስቀር አለ ወይ ስለው ዓይኑን በጨርቁ ላይ አንከራተተና ከመኪናው መርፌ ስር ግማሹ የገባውን አንድ ሳጥን ነካ። ፓላዲየም። ሁለቱም ወደ ውስጥ ገብተዋል፣ አምስተኛዋ ኤስ ባዶ ናት።

“አይፈርስም?”

“ለምን ይፈርሳል? ብረት ነው፣ ያውም ውድ። አንተ ደግሞ ቤት አስመሰልከው።” ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ለፈተናው ስሜን እንዳስገባው ነገረኝ፤ ካልመጣሁ ይሰረዛል። አባቴ ሰምቷል። የመኪናው መርገጫ አንድ ጊዜ ቆመና ቀጠለ።

ኢዳው ያለቀ ዕለት ከዐስር ሶላት በኋላ ሼኹ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጡ። የደጁ ክፍል ጠባብ ስለሆነ ሴቶቹ እዚያ ውስጥ ሆኑ፣ እኛ ከደጃፉ ፊት ለፊት ምንጣፍ ላይ ተቀመጥን። በመሐላችን መጋረጃ ነበር። አዲስ ሽርጥ አስታጥቀውኛል። ሽርጡ የወንድሜ ነው፤ ሳይለብሰው የቀረ። ዱዓ ተደረገ። ሼኹ ሴቲቱ ፈቅዳለች ወይ አሉ። አባቴ፣ ተጠይቃ ዝም ብላለች፣ ዝምታ እሺታ ነው አለ።

“ያ የድንግል ነው” አሉ ሼኹ። ቀስ ብለው ነው የሚናገሩት። “ድንግል ስታፍር ዝም ትላለች፣ ዝምታዋ ይበቃል። ባል ያየች ሴት ግን በአፏ ትናገራለች። እሷን በዝምታ ማሰር የለም።”

“ሼኽ፣ እርስዎ ያሉት ልክ ነው፤ ግን ስንቱን እንዲህ አላሰርንም?”

“ስንቱን ተሳስተን ይሆናል። አላህ ይቅር ይበለን።”

ወደ መጋረጃው ዞረው ጠየቋት። የመጀመሪያው ጥያቄ መልስ አላገኘም፤ በሴቶቹ መሐል ሹክሹክታ ተነሳ። የእናቴ ድምፅ ነው የሚያጣድፋት። ሼኹ እናቴን ዝም አሰኝተው ደግመው ጠየቁ።

“ላኪ” የሚል ድምፅ መጣ። በኦሮምኛ፣ አይሆንም ነው።

አባቴ እንዳልሰማ ሰው አንገቱን አዘነበለ። እሷ ቀጠለች፤ አሁን ድምፅዋ ለሼኹ ብቻ ሳይሆን ለሁላችን ነበር።

“እኔ ስመጣ ይህ ልጅ ሸሚዙን አውልቆ የሚሰጠኝ እንዳጥብለት ነበር። አፍንጫውን ጠርጌለታለሁ። ወንድሜ ነው፣ ወንድም ሆኖ ይቅር። እኔ ወደ እናቴ፣ መሰላ፣ እሄዳለሁ።”

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በሳል ሸፈነው። እኔ የወንድሜን ሽርጥ ታጥቄ ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ነገር ተሰማኝ። እፎይታ ቢሆን ደስ ባለኝ ነበር። ቅሬታ ነው። ያልፈለግኩትን ነገር ተከለከልኩ ብዬ ተቀየምኩ፤ በተለይ አፍንጫው። ቅሬታውም ብዙ አልቆየም፣ ግራር ላይ እንደሚያርፍ ወፍ ትንሽ አወዛውዞኝ ሄደ።

አባቴ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሕፃኗስ? ሼኹ፣ እናትየዋ ሌላ ባል እስካላገባች ሕፃን ከእናቱ ጋር ነው አሉ። አባቴ አልተከራከረም። ምንጣፉ ላይ የተተረተረች አንዲት ክር አግኝቶ ጣቱ ላይ ይጠቀልላት ጀመር፣ ሰዎቹ እስኪሄዱ ድረስ ጠቀለላት።

በማግስቱ ሻንጣዋን ወደ መኪና መሳፈሪያው ተሸክሜ ሸኘኋት። እናቴ ከግቢው በር አልወጣችም። መኪናው ውስጥ ሰዎች ለየብቻ ወንበር ይዘው ነበር፤ አስተማሪው እንዳለው ነው። እሷም ባዶ ወንበር አግኝታ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠች፣ ልጅቷን ታቀፈች። ልጅቷ ጠጠር ይዛ ነበር። ምን እንደምላት ስፈልግ እሷ ቀደመችኝ።

“እኔ እምቢ ባልል አንተ ትል ነበር?”

መኪናው እየጮኸ ስለነበር ያልሰማሁ መሰልኩ። ረዳቱ በሩን ዘጋው።

የደጁ ክፍል ባዶ ሆነ። ሁለት ሰው ነበረው፣ አንዱ መሬት ገባ፣ አንዷ እናቷ ቤት ገባች። እናቴ ጠዋት ጠዋት ትጠርገዋለች፤ የሚጠረግ ነገር የለውም። ይፈርሳል ብዬ ጠብቄ እንደነበር የገባኝ ክረምቱ ሲገባ ጣሪያው ሳያንጠባጥብ ሲቀር ነው።

ግን ከዚያ በፊት፣ በሚያዝያ መጨረሻ፣ አባቴ እንደገና ጠራኝ። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ሚኤሶ ያለው ነጋዴ ልጁ ይመጣል ወይስ አይመጣም ብሎ ሰው ልኮበታል። ባል ባልሆንም ሥራው አለ። ሐረርም ፈተናው አለ። አባቴ የመኪናውን ጎማ በእጁ ይዞ አቆመው።

“የቱን ትሄዳለህ?”

ዝም አልኩ። እንደ ልማዴ ነው። ዝምታዬን ወስዶ የሚፈልገውን እንደሚሰፋበት ጠብቄ ነበር፤ ሚኤሶ ቢል ሚኤሶ እሄድ ነበር። አባቴ ግን ጎማውን አልለቀቀም። በመንገዱ የጭነት መኪና አለፈ፣ አቧራው በረንዳው ላይ ወጥቶ ወረደ። አባቴ ይጠብቃል።

“በአፍህ ተናገር” አለኝ።

“ሐረር” አልኩ። ድምፄ የእኔ አልመሰለኝም፣ ከመጋረጃ ጀርባ የሚመጣ ነበር የሚመስለው።

አባቴ ራሱን ነቀነቀና ጎማውን ለቀቀው። እጁ ላይ የነበረው የሰው ኮት ነው፣ እጅጌውን እየገጠመ ነበር። ወደ ስፌቱ ተመለሰ። እኔም ተነስቼ የደጁ ክፍል ግድግዳ ጥላ ስር ሄጄ ተቀመጥኩና ካቆምኩበት ቀጠልኩ። ኒኬል፣ ስምንትና ሁለት። መዳብ፣ አሥርና አንድ።